«የማን ልጅ ነው?»

ስለ ገጸ ባሕርይ አፈጣጠርና አስተዳደግ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነፋስ መውጫ አካባቢ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት አጭር ተውኔቴ ለሕዝብ ታይታ ነበር። ተዋንያኑ አማተር ወጣቶች ነበሩ፤ መድረኩ ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ መጋረጃውም ከየቤቱ የተለቀመ ጋቢ ነበር። የተውኔቱ ዋና ሰው በክፉ ዘመን በሬውን ለመሸጥ የተገደደ የስማዳ ገበሬ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ገበያ መካከል ቆሞ ስለ ድህነትና ስለ ነጋዴ ስስት ረዥም ንግግር ያደርጋል። ተመልካቹ አጨበጨበ። እኔም ጭብጨባውን እንደ ምስክር ወረቀት ተቀብዬ ስወጣ፣ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ሰውዬህ ንግግር ያውቃል። ግን የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ገበሬ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው።

«ገበሬማ ሁላችንም ነን» አሉና ፈገግ ብለው፣ «በሬውንስ ምን ብሎ ይጠራው ነበር?» ሲሉ ጨመሩ።

መልስ አልነበረኝም። ለበሬው ስም አላወጣሁለትም ነበር።

ሽማግሌው የሥነ ጽሑፍ ሂስ መጽሐፍ አንብበው አያውቁ ይሆናል፤ ሆኖም ሐያሲ በብዙ ገጽ የሚያትተውን በአንዲት ጥያቄ ጨርሰውታል። በአገራችን አንድ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚፈለገው የአባቱ ስም ብቻ አይደለም። ከየትኛው አጥቢያ እንደ መጣ፣ ማን እንዳሳደገው፣ ከማን እንደ ተዛመደና ከማን እንደ ተቃቃረ፣ በምን እንደሚኮራና በምን እንደሚያፍር ጭምር ነው። የእኔ ገበሬ ሥራ ነበረው፣ ችግር ነበረው፣ አቋምም ነበረው፤ ሰው ግን አልነበረም። እንግዲህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምሞክረው ይህንኑ ነው፤ አንድ ደራሲ ከሌላ ያልተቀዳ፣ ከሙያውና ከመደቡም የሚተርፍ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይፈጥራል? ከፈጠረውስ በኋላ እንዴት ያሳድገዋል?

ዓይነትና ሰው

ማክሲም ጎርኪ ስለ ጽሕፈት ሙያው ሲያስረዳ፣ አንድን ባለ ሱቅ በሚገባ ለመሣል አንድ ባለ ሱቅ ማየት እንደማይበቃ፣ ከሃያና ከሃምሳ ባለ ሱቆች ጎልተው የሚታዩትን ጠባዮች መርጦ በአንዱ ላይ ማዋሐድ እንደሚያስፈልግ አስተምሯል። ትምህርቱ ትክክል ነው። ደራሲ ከመንደሩ አንዱን ጎረቤቱን አይቶ «ገበሬ ይህ ነው» ቢል ሐሜት ጻፈ እንጂ ልብ ወለድ አልጻፈም። ነገር ግን ትምህርቱን በግማሹ የተቀበልነው ይመስለኛል። ከሃምሳ ሰዎች የምንለቅመው የጋራቸውን ነው፤ የጋራቸው ደግሞ ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት ነው። ሃምሳውን ያየ ደራሲ ዓይነቱን ያገኛል፤ ሰውየውን የሚያገኘው ግን ሃምሳ አንደኛውን ሲያይ ነው።

በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ብዙ ወጣት ለመድረክ አብቅተዋል፤ ይህ ውለታቸው አይካድም። ሆኖም የፈጠሯቸው ሰዎች በአመዛኙ ሁለት ነበሩ፤ ሆዱ የተቆዘረ ባላባትና ክንዱ የፈረጠመ ጭሰኛ። ዘመን ተለውጧል፤ ልማዱ ግን ልብሱን ብቻ ቀይሯል። ዛሬ በየማስተማሪያ ድራማው የምናየው ገበሬ በመጀመሪያው ትዕይንት «ግንዛቤ የሌለው»፣ በሁለተኛው ትዕይንት ምክር የሚሰማ፣ በሦስተኛው ደግሞ እጁን አውጥቶ የሚመሰክር ነው። ይህ ሰው ተለወጠ እንጂ አላደገም። አቋም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የባሕርይ እድገት አይባልም።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በካርታ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ወረዳዎች ናቸው፤ ለሚያውቃቸው ግን አንድ አገር አይደሉም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ግርጌ ያለው ደገኛ ገብስና ድንች ያመርታል፣ ከብርድ ጋር ይታገላል፣ ቃሉ እንደ ልብሱ ድርብ ነው። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው የስማዳ ቆለኛ ደግሞ ማሽላ ጠባቂ ነው፤ የሚፈራው ዝናቡ እንዳይቀር እንጂ ውርጭ እንዳይመጣ አይደለም። ደራሲ ይህን ልዩነት ሳያውቅ «የጎንደር ገበሬ» ቢል ሁለቱንም አጥቷቸዋል። ያም ሆኖ ደገኛና ቆለኛ ማለትም ገና ዓይነት ነው። ከአንድ እናት የተወለዱ፣ ከአንድ ገበታ የበሉ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ድርቅ ሁለት ዓይነት ሰው ሆነው ይወጣሉ። የደራሲው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገሩ የጽሕፈት ጥበብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሰብሁበት ነበር። ድርቅ ደጋግሞ የጎበኛቸው እነዚህ ወረዳዎች ከአካባቢያቸው ውጭ ስማቸው የሚነሣው ከዕርዳታ እህል ጋር ነው። ሪፖርት ሰውን በቁጥር ይጽፋል፤ ሪፖርት ነውና አይወቀስም። ነገር ግን ልብ ወለዱና ተውኔቱም ሰውን በቁጥር ከጻፉት፣ የስማዳ እናት በስሟ የምትጠራው የት ነው?

ከቀደሙት የምንማረው

ችግሩ የእኛ ትውልድ ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ከተወለደ ጀምሮ ሲታገለው ኖሯል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ፣ በተለምዶ «ጦቢያ» በምንለው፣ ሰዎቹ መልካቸውም ምግባራቸውም እንከን የለሽ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዐይናቸው ትልቅ፣ ፊታቸው ወደ እኛ የዞረ ነው፤ ጀርባቸውን አናይም። ነገር ግን ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ስትሄድ አንድ አዲስ ነገር ይጀመራል። የሚታየውና የተሰወረው ይለያያሉ፤ አንባቢው እሷ የምታውቀውንና ሌላው የማያውቀውን ይዞ ይከተላታል። ገጸ ባሕርይ ከሥዕል የሚለየው በዚህ ስንጥቅ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ያ ስንጥቅ በር ሆኖ ተከፍቷል። ካሣ ዳምጤን እንመልከት። አሮጌውን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ለተራው ሰው የሚቆረቆር ሊቅ ነው። በሰነፍ ደራሲ እጅ ቢወድቅ የደራሲው አፈ ቀላጤ ሆኖ በቀረ ነበር። ከዚህ ያዳነው ምንድን ነው? እኔ እንደማየው፣ ደራሲው ሐሳቡን ከመስጠታቸው በፊት ቅጽል ስሙን ሰጡት፤ «ጉዱ ካሣ»። ይህን ስም ያወጣለት ደራሲው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ከስሙ ውስጥ የአገሬው ሳቅ፣ ፍርሃትና ግርምት ይሰማል። ደግሞም ካሣ የሚነቅፈውን ሥርዓት ከውጭ አላየውም፤ ተምሮበታል፣ ተዛምዶታል። ስለዚህ የሚናገረው ቃል ሁሉ ዋጋ ያስከፍለዋል። ዋጋ የማያስከፍል ቃል ስብከት ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍል ቃል ግን ባሕርይ ነው።

በዚሁ ታላቅ መጽሐፍ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች የሚመራው አበጀ በለው ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ፊታውራሪውን እስከ መማረክ የደረሰ ጀግና ነው። ሆኖም መጽሐፉን ዘግተን ጉዱ ካሣ በጆሯችን ሲናገር፣ አበጀ በለውን የምናስታውሰው በሠራው ሥራ እንጂ በድምፁ አይደለም። ሌሊት ብቻውን ሲሆን ምን ያስባል? ማንን ይፈራል? አናውቅም። በሥነ ጽሑፋችን ከሁሉ የላቀው ብዕር እንኳ ሊቁን ከነነፍሱ ሲሰጠን፣ ገበሬውን ከነጀግንነቱ ብቻ ሰጠን። ይህን የምለው ደራሲውን ለማሳነስ አይደለም፤ የቀረልንን የቤት ሥራ ለማመልከት ነው።

ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. በታተመው «አደፍርስ» ሌላ መንገድ ሞከረ። እዚህ ሰው የሚለየው በአንደበቱ ነው። ወይዘሮዋ፣ ቄሱ፣ ተማሪው፣ የቤት አገልጋይዋ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አማርኛ አላቸው፤ የተናጋሪውን ስም ብንሸፍነው እንኳ ማን እንደ ተናገረ ይታወቃል። አደፍርስ እንደ መጽሐፍ ይናገራል ብለው የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን ነቀፋው ምስጋና ይመስለኛል፤ ሰውየው መጽሐፍ አንብቦ አገሩን በመጽሐፍ ሊያይ የመጣ ወጣት ነውና። ስሙም እንደሚለው የረጋውን ውሃ ሊያደፈርስ መጣ፤ ከሥር ያለውን ግን አላወቀም። ጉድለቱ የደራሲው ሳይሆን የገጸ ባሕርይው ሆኖ ሲገኝ፣ እዚያ ላይ ጥበብ አለ።

በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው»ን ሲያወጣ ሌላ ጥያቄ አነሣብን። ሲራክ የተባለው ዋና ሰው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሕይወት እንደ ተቀዳ በሰፊው ተነገረ። አንባቢው ግማሽ ኃይሉን «ይህ እገሌ ነው» በማለት ጨረሰ። ከሕያው ሰው መነሣት ነውር አይደለም፤ ሁላችንም ከምናውቀው ሰው እንነሣለን። መለኪያው ሌላ ነው። ስብሐትን በዐይኑ ያላየ፣ ስሙንም ያልሰማ ወጣት መጽሐፉን ሲያነብ ሲራክን ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም? ካገኘው ገጸ ባሕርይው በእግሩ ቆሟል፤ ካላገኘው ግን የሌላ ሰው ጥላ ሆኖ ቀርቷል።

ድጓና ቅኔ

ከመጻሕፍቱ ወጥተን ወደ አገሩ እንመለስ። ደቡብ ጎንደር ለገጸ ባሕርይ አፈጣጠር የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ መምህሩም ሕዝቡ ራሱ ነው። ከፎገራ የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩ ሊቅ ናቸው፤ በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋምም ከእሳቸው ቤት የወጣ ነው። ሕዝቡ ግን ከሊቁ ሌላ ገብረ ሐና ፈጠረ። እሳቸው ያልተናገሩትን ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው ሰጠ፤ ሳያዩት ባለፉት ነገር ላይ እንኳ ሲቀልዱ ይሰማሉ። ይህ እንዴት ሆነ? የባሕርያቸው ቅርጽ ስለ ጠና ነው። ምላሳቸው ፈጣን፣ ዕውቀታቸው ጥልቅ፣ ንጉሥንም ገበሬንም ሚስታቸውንም በአንድ ዐይን የሚያዩ ሰው መሆናቸውን ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ በአዲስ ነገር ፊት ቢቆሙ ምን እንደሚሉ ለመገመት አይቸገርም። ለማንኛውም ደራሲ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ገጸ ባሕርይህን ከታሪክህ አውጥተህ በማታውቀው ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ አስቀምጠው። ምን እንደሚያደርግ ካወቅህ ተፈጥሯል፤ ካላወቅህ ገና ነው።

ሁለተኛውም ትምህርት ከዚያው ነው። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኗን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። የድጓ ተማሪ ዓመታት ፈጅቶ፣ ቆሎ ለምኖ፣ ብርድ ጠጥቶ የሚማረው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ዜማ ሳያጎድል ሳይጨምር ማድረስ ነው። አንዲት ምልክት ብትዛነፍ ይመለሳል። ከጋይንት በስተ ምሥራቅ ያለው ዋድላ ደግሞ በቅኔ የታወቀ አገር ነው። የቅኔ ሕግ የድጓ ተቃራኒ ነው። ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ያፍራል። በየዕለቱ አዲስ መውለድ ግዴታ ነው።

ገጸ ባሕርይ የሚፈጥር ደራሲ የሁለቱም ቤት ተማሪ መሆን አለበት። በጆሮው የድጓ ተማሪ ይሁን፤ የእስቴ ገበሬ እንዴት እንደሚሳደብ፣ የስማዳ ሴት ልጇን እንዴት እንደምትጠራ፣ ሽማግሌ ሲያስታርቅ የት ላይ ዝም እንደሚል ሳያጎድል ይስማ። በልቡ ግን የቅኔ ተማሪ ይሁን፤ የሰማውን መልሶ ሳይደግም ከእሱ በፊት ያልነበረ ሰው ይውለድ። ጆሮ ብቻ ያለው ደራሲ ቀራጭ ድምፅ ነው፤ ልብ ብቻ ያለውም በማንም አገር የማይኖር ሰው ይፈጥራል። የእኔ የስማዳ ገበሬ የዚህ የኋለኛው ዓይነት ነበር።

ንጉሡና ገመድ ጎታቹ

ከጋይንት ምድር አንድ ያልተጻፈ ሰው ላንሣ። አፄ ቴዎድሮስን የጻፉ ብዙ ናቸው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔቱ ጽፏቸዋል። ታሪኩ አንድ ሆኖ ቴዎድሮሶቹ ግን ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ደራሲ የየራሱን ንጉሥ ፈጥሯልና። ይህ ራሱ ገጸ ባሕርይ ከታሪክ መዝገብ እንደማይቀዳ ያስረዳል።

ነገር ግን በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስጎትቱ ነበር። መንገዱ በጋይንት ደጋ አልፎ ወደ ጅዳና ወደ በሽሎ ገደል የሚወርድ ነው። ጉዞው ወራት ፈጀ፤ መንገዱ እየተጠረገ ይኬድ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር ተጽፏል። ንጉሡ ድንጋይ ሲያነሡ የሚያሳይ ትዕይንት ማንም ደራሲ ይመኛል። ገመዱን ይጎትቱ የነበሩት ግን እነማን ናቸው? ከመካከላቸው አንዱ የማን ልጅ ነበር? በጌምድር በንጉሡ ሠራዊት በተዘረፈበት በዚያ ዘመን፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ገመዱን ይዞ ይሆን? ንጉሡን ይወዳቸዋል ወይስ ይጠላቸዋል? ወይስ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ዳገት ላይ ሲጠላቸው፣ እሳቸውም ድንጋይ ሲያነሡ ባየ ጊዜ ሲወዳቸው ይውላል? ይህ ሰው በመዝገብ የለም። ከመዝገብ ስለሌለ የደራሲ ንብረት ነው። ንጉሡን ታሪክ አስቀድሞ ፈጥሮልናል፤ ገመድ ጎታቹን ግን ማንም ሊፈጥርልን አይችልም።

ገጸ ባሕርይ ሲያምፅ

ሽማግሌው ከጠየቁኝ በኋላ ተውኔቴን አንሥቼ ገበያ ለገበያ ዞርሁ። አንድ ቀን በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያ፣ አንድ ጎልማሳ በሬውን ሲሸጥ አየሁ። ገንዘቡን ቆጠረ። ከዚያ ገመዱን ከበሬው አንገት ፈታ፤ ገዢው በራሱ ገመድ አሰረው። ሰውየው የራሱን ገመድ ጠቅልሎ በትከሻው ላይ ጣለና ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ። አንዲት ቃል አልተናገረም።

ያ ሰው የእኔ ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ስሙንም አላውቅም። ገመዱ ግን ጥያቄ ወለደብኝ። በሬ የሌለው ሰው ገመድ ይዞ ወደ ማን ይሄዳል? አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ እንደሚያርስ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ስጽፍ ረስቼው ነበር። እንግዲህ ገበሬዬ በሬውን ሲሸጥ የጎረቤቱንም ቀንበር ሰብሯል። ሳይነግረው ሸጦ ከሆነስ? ከዚህች ጥያቄ ሰውየው ሰው መሆን ጀመረ። እፍረት አገኘ። ጎረቤት አገኘ። በሬው ስም አገኘ፤ «ዳማ» ተባለ፤ ስሙን ያወጣው የሰውየው ታናሽ ልጅ ነው። ተውኔቱም ከገበያ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ደጃፍ ሄደ።

ያን ያህል ያስጨበጨበው ረዥሙ ንግግር ግን ቦታ አጣ። ብዙ ጊዜ መልሼ ላስገባው ሞከርሁ፤ ሰውየው እምቢ አለኝ። ገመድ በትከሻው ይዞ በጎረቤቱ ደጃፍ የቆመ ሰው ስለ ነጋዴ ስስት ንግግር አያደርግም። «ደኅና ዋላችሁ?» ይላል፤ ጎረቤቱም ገመዱን ያያል፤ ነገሩ ያልቃል። ከጻፍሁት ሁሉ የምወደውን ገጽ ቀደድሁ። ፑሽኪን በገዛ ገጸ ባሕርይው በታቲያና ማግባት እንደ ተገረመ ቶልስቶይ ያወሳው ለካ ቀልድ ብቻ አልነበረም። እድገት ማለት ይህ ነው፤ ገጸ ባሕርይ በመከራ ተጭኖ ከውስጡ የነበረውን ሲያወጣ፣ የወጣውም ከደራሲው ዕቅድ ጋር ሲጋጭና ደራሲው ሲሸነፍ። በገጸ ባሕርይው ተሸንፎ የማያውቅ ደራሲ ገና አሻንጉሊት በማንቀሳቀስ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት አደራ አለኝ። በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ስለ «ገበሬ» ወይም ስለ «እናት» ድርሰት ከማስጻፍ ይልቅ በገበያ ያዩትን አንድ ሰው ያስጽፉ። ሥነ ጥበብን የምትመሩ ባለ ሥልጣናትና ካድሬዎች፣ ጽሑፍ ሲቀርብላችሁ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ይህ ሰው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰው በሌለበት መልእክት የሚቀበለው የለምና። የሙያ ጓዶቼ ደግሞ ጭብጨባን አትመኑ። ሕዝብ ለሐሳቡ ያጨበጭባል፤ ለሰውየው ግን ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ወይም ዝም ይላል።

ሁለተኛውን ተውኔት ለእኚያ ሽማግሌ ለማሳየት አልታደልሁም። ብመለስ ኖሮ የበሬውን ስም እነግራቸው ነበር። የገበሬው አባት ማን እንደ ሆነም ጽፌአለሁ። ነገር ግን ጥያቄያቸውን እንደ መለሱልኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ የሚመልሰው እኔ ሳልሆን፣ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ያን ሰው ሲያይ «ይህንስ አውቀዋለሁ፤ የእገሌ ልጅ ነው» የሚል ሰው ነው።